የምርመራው ዳቦ

የኡርጂ የግራ ጫማ ጠፋ። ዳርቱ አልጋ ሥር አጎንብሳ አየች፣ ከበሩ ጀርባ ፈለገች፣ የቆሸሸ ልብስ የሞላውን ሳፋ ገለበጠች፤ የቀኙ ጫማ ብቻ ምንጣፉ ላይ ተጎልቶ ያያታል። ቶሎ ካልወጡ ታክሲ አይገኝም፤ ታክሲ ካልተገኘ ወረፋው ያልፋል፤ ወረፋው ካለፈ የሆስፒታሉ መድን ክፍል ኃላፊ ስብሰባ ይገባሉ። ዳርቱ ነገር ሁሉ እንዲህ እንደ ዶቃ ተሰክቶ ሲበላሽ አስቀድሞ ይታያታል። ስልክ ከጮኸ ሰው ሞቷል፣ በር ከተንኳኳ አከራዩ ነው፣ ልጅ ዝም ካለ ትኩሳት አለው። አራተኛ ፎቅ ላይ ካለችው ከዚህች ጠባብ ቤት በር ውጭ፣ የየካ አባዶ ሰው ወደ ሥራው ለመድረስ ደረጃውን እየረገጠ ይወርዳል። በመጨረሻ ጫማውን ያገኘችው ወጥ ቤት ውስጥ፣ አማቷ ከእንጦጦ ካመጡት የጠበል ጀሪካን ኋላ ነው። እዚያ የወደቀ ጫማ አይመስልም። በጨርቅ ተጠቅልሎ ግድግዳው ሥር ተሸጉጧል።

አማቷ እማማ ወለተሥላሴ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ያንሸራትታሉ። ጸሎት ላይ ያለ ሰው በጥያቄ አይቋረጥም፤ ዳርቱ ጫማውን በእጇ ይዛ ፊታቸው ቆመች። እሳቸው ዙሩን እስኪጨርሱ አስጠበቋትና መስቀሉን ስመው ቀና አሉ።

«ልጅቷ ድናለች» አሉ። «የዳነ ልጅ ደሙ አይቀዳም።»

ሕሩይ የጋራዥ ቱታውን እየለበሰ ከመኝታ ክፍሉ ብቅ አለ። «እማዬ፣ እኔን ትምህርት ቤት ስትልኪ ጫማ ትፈልጊልኝ ነበር፤ ለልጄ ሲሆን ትደብቂያለሽ?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ የሚስቱን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠው። ዳርቱ ተንበርክካ ጫማውን ለልጇ አደረገችላት፣ የጤና መድን ደብተሩንና ወረቀቶቹን የያዘውን ፌስታል ብብቷ ሥር አስገባች፣ «ደኅና ዋሉ እማማ» አለች። እማማ ወለተሥላሴ ሌላ ዙር ጀምረዋል።

ኡርጂ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የሚያያት ግን አራት ይላታል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የበላችው አይረጋላትም። ሆዷ ይነፋል፣ ያስቀምጣታል፣ ያስመልሳታል፤ እጅና እግሯ እየቀጠነ ሄዶ ሹራቧ ትከሻዋ ላይ የተሰቀለ ይመስላል። የትል መድኃኒት ተሰጣት። ደም ማነስ ነው ተብሎ ሽሮፕ ጠጣች። ጎረቤት ዓይን ነው አለ። በስተመጨረሻ ሆስፒታል ያገኘቻቸው ሐኪም፣ ዶክተር ኢፍቱ፣ የልጅቷ ሰውነት ስንዴና ገብስ አልቀበል ብሎ ሊሆን እንደሚችል፣ ይህም በደም ምርመራ እንደሚታወቅ ነገሯት። ምርመራው ግን ሆስፒታሉ ውስጥ አይሠራም፤ ውጭ፣ በግል ላቦራቶሪ ነው፤ ዋጋው ደግሞ ሕሩይ ወሰን ሰፈር ባለው ጋራዥ ውስጥ ወሩን ሙሉ መኪና ሥር ተኝቶ ከሚያገኘው ብዙ አያንስም። ቤተሰቡ በየዓመቱ የሚያሳድሰው የጤና መድን አለው። መድኑ የሚሸፍነው ዝርዝሩ ላይ ያለውን ነው፤ ይኼኛው ምርመራ ዝርዝሩ ላይ የለም። «በልዩ ፈቃድ ምናልባት» ብሎ አንድ ሰው ነግሯት፣ ይህችን «ምናልባት» ይዛ ከፋሲካ ጀምሮ ከጤና ጣቢያ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወረዳ ስትመላለስ ከረመች።

ያን ሰሞን ነው እማማ ወለተሥላሴ «ልጅቷን ስጪኝ፤ አንቺ በወረቀትሽ ሩጪ፣ እኔ ወደ ፈጣሪዬ ልሩጥበት» ብለው ኡርጂን እንጦጦ ወዳለው ቤታቸው የወሰዷት። ዳርቱ አልከለከለችም። የታመመ ልጅ አዝሎ ከመስኮት መስኮት መዞር ከብዷት ነበር። እማማ ልጅቷን ሱባኤ አስገቧት፤ ጠዋት ጠዋት ባሕር ዛፉን አቋርጠው ጠበል ያስጠምቋታል፣ ከዚያ ውጭ የሽምብራ ንፍሮና የተቀቀለ ድንች ብቻ። ዳቦ የለ፣ ማካሮኒ የለ፣ ቂጣ የለ። ልጅቷ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስትመለስ ሆዷ ሟሽሾ፣ ጉንጯ ደም መስሎ ነበር። እማማም ተከትለዋት መጥተው እዚሁ ንፍሮውን መቀቀል ቀጠሉ። ዳርቱ ልጇ ሌሊቱን ሙሉ ሳትነሣ ስትተኛ አጠገቧ ቁጭ ብላ ትንፋሿን ታዳምጥ ነበር። ደስታውን አላመነችውም። ግን ጥቂት ቀን ተኝታበታለች።

ታክሲው ውስጥ ኡርጂን ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ እጁን እነሱ ላይ አቆመ።

«የልጅቷም አለ፣ እህቴ።»

«ጭኔ ላይ ነች እኮ!»

«ጭንሽ ወንበር ላይ ነው እኮ!»

ከኋላ ሰው ሳቀ። ኡርጂም ሳቀች፤ ረዳቱ የልጅቷን ሳቅ ሲያይ ተወው፤ «በይ የዛሬው በሷ ጥርስ ይታለፍ» ብሎ ወደ በሩ ዞረ። ዳርቱ ልጇ ስትስቅ ከሰማች ስንት ጊዜዋ ነው? መንገዱ እየተቆፈረ ስለሆነ ታክሲው እየተንፏቀቀ ነው የሚሄደው፤ በመስኮቱ አቧራ ይገባል፤ እሷ ግን በልቧ የዛሬውን ቀን አንድ በአንድ እየበተነች ነበር። ኃላፊው ከሥልጠና አልተመለሱም። ወይም ተመልሰዋል፣ ማኅተሙን የቆለፈበት ሰው የለም። ወይም መብራት ጠፍቷል። ወይም ስሟ ተሳስቶ ተጽፏል፣ ይታረም ተብሎ ወደ ወረዳ ይመልሷታል። መገናኛ ሲደርሱ ሊበላሽ የሚችለውን ሁሉ አስባ ጨርሳለች፤ አንዲት ቀዳዳ የቀረች አልመሰላትም።

የሆስፒታሉ የመድን ክፍል ማለት አንድ ኮሪደርና አንድ መስኮት ነው። የኮሪደሩ ግድግዳ፣ ሰዎች ለረጅም ጊዜ ስለተደገፉበት፣ ቀለሙ በትከሻ ልክ ተፍቋል። ከዳርቱ ፊት ካፖርት የለበሱ አንድ ሽማግሌ የሚስታቸውን መድኃኒት ማዘዣ በመስኮቱ ያሳያሉ፤ ከውስጥ «የለም አባባ፣ ከውጭ ይግዙ» ይባላሉ።

«መድን አለኝ እኮ፤ ከፍያለሁ።»

«መድን አለዎት። መድኃኒቱ ነው የሌለው።»

ሽማግሌው ዞረው ወረፋውን አዩት፣ ምስክር የሚቆጥሩ ይመስል። «እንግዲህ መድኑን በውኃ በጥብጬ ላጠጣት ነዋ» አሉ፤ ሰው ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም፣ አልሄዱምም። ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

መስኮቱ ውስጥ ያለው ጌድዮን ዳርቱን ያውቃታል። መጀመሪያ የመጣች ቀን «ስንዴ አልስማማ አላት? ይሄማ የቦሌ ልጆች በሽታ ነው፤ አባዶ መቼ ደረሰ?» ያላት እሱ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ የለም ሲል የሚውል ሰው ትንሽ ካልቀለደ ምን ሊሆን ነው? ዛሬም ሲያያት ቅንድቡን አነሣ።

«የኡርጂ እናት! ዛሬ ደግሞ ምን ሊጎድልብሽ መጣሽ?»

«ኃላፊው ገቡ?»

«ገብተዋል። ፈርመዋል። ማኅተም ተመትቷል። አሁን የምታለቅሺበት ነገር አሳጣሁሽ።»

ወረቀቱን በመስኮቱ ሥር አሾለከላት። ዳርቱ እዚያው ቆማ፣ ከኋላዋ ሰው እየገፋት፣ ስህተት ፍለጋ አነበበችው። ስሟ ልክ ነው። የልጅቷ ስም ልክ ነው። ዕድሜዋም፣ የምርመራውም ስም በሐኪሟ ወረቀት ላይ እንደተጻፈው ነው። ከታች፣ ከፊርማው በላይ፣ ፈቃዱ እስከ ሰኔ 30 ብቻ እንደሚያገለግል ተጽፏል። ዛሬ ሰኔ ሁለት ነው። ጊዜ ሞልቷል። ጌድዮንን «እግዜር ይስጥህ፣ ወንድሜ፣ ልጅ ይውጣልህ» አለችው። «ሚስት ትቅደም» አላት። ለሕሩይ «ተሳካ» ብላ ጻፈችለት። ሕሩይ ወዲያው አውራ ጣት ላከላት። ሁለቱ ተጋብተው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ዳርቱ ያንን ቃል ጽፋለት አታውቅም።

የቀረው ዶክተር ኢፍቱ የላቦራቶሪውን መጠየቂያ እንዲጽፉላት ብቻ ነው። ተራቸው ደርሶ ሲገቡ ዶክተሯ ከወንበራቸው ተነሡ። ወጣት ናቸው፤ ዓይናቸው ግን ያልተኛ ሰው ዓይን ነው። «ይቺ ኡርጂ ነች? ኧረ አምሮብሻል!» ብለው ልጅቷን ሚዛን ላይ አቆሟት፤ ሆዷን በመዳፋቸው ደባበሱ፤ የዓይኗን ቆብ ገልብጠው አዩ። ዳርቱ በፈገግታ ታያቸዋለች። ከዚያ ፈገግታቸው ቀስ ብሎ ሲጠፋ አየች።

«ያስመልሳታል?»

«ቆመላት።»

«ተቅማጡስ?»

«እሱም ቆመላት።»

«ምን ስትበላ ነው የከረመችው?»

«ሱባኤ ላይ ነበረች፤ አያቷ ጋ። ሽምብራ ንፍሮና ድንች ነው፤ አሁንም እቤት እሱኑ ነው የምትበላው።»

«ዳቦስ?»

«ኧረ ዶክተር! አንድም ቀን!» አለች ዳርቱ፤ ድምፅዋ ላይ ኩራት ነበረበት። ልጇን ጠብቃለች። ሐኪሟ የጠረጠሩትን ነገር ካፏ አርቃለች። ዶክተር ኢፍቱ ያነሡትን እስክሪቢቶ መልሰው ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት፤ ያን ጊዜ ዳርቱ አንዲት ቀዳዳ ቀርታ እንደነበር ገባት፤ የት እንደሆነች ግን ገና አላየችም።

«ስሚኝ» አሉ ዶክተሯ። «ይኼ ምርመራ ስንዴውን አይደለም የሚያየው። ሰውነቷ ከስንዴው ጋር ሲጣላ ደሟ ውስጥ የሚቀረውን ምልክት ነው የሚያየው። ካልበላች አይጣላም። ካልተጣላ ምልክቱ ይጠፋል። ዛሬ ብንቀዳት የለባትም ብሎ ሊወጣ ይችላል።»

«የለባትም ካለ... ድናለች ማለት አይደለም?»

«አይደለም። ምንም አላወቅንም ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ግን የሚጻፈው የለባትም ተብሎ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እስክትመረመር ድረስ የምትበላውን እንዳትለውጪ ብዬ ያኔ ልነግርሽ ይገባ ነበር። ሰው በዝቶብኝ ነበር።»

ዳርቱ ምን ይደረግ ብላ ጠየቀች። ዶክተሯ እያዩዋት ሳይሆን እጃቸውን እያዩ ነገሯት። ልጅቷ ዳቦ መብላት ትጀምር፤ በየቀኑ፤ ስድስት ሳምንት ቢሆን ጥሩ ነው። «ታምማለች እኮ» አለች ዳርቱ። «አውቃለሁ» አሉ ዶክተሯ። ታዲያ ስንዴውን እንዲሁ ብታስቀርባትስ? ዶክተር ኢፍቱ ለዚህም መልስ ነበራቸው፤ ሌላ በሽታ ቢሆንስ? የአንጀት ቲቢ፣ ሌላም ሌላም እንዲህ ያደርጋል፤ ሳይለዩ መተው እሱን ደብቆ ማሳደግ ነው። ደግሞም ስንዴው ከሆነ እስከ ዕድሜ ልኳ ነው፤ ያለ ማስረጃ ማን ይታዘዝላታል? ይኼን ዳርቱ ራሷ ታውቀዋለች። ትምህርት ቤቱ ጠዋት ለልጆቹ ዳቦ ነው የሚያድለው፤ ለልጄ አትስጡብኝ ብላ ስትሄድ «ከሐኪም ወረቀት አምጪ፣ እኛ ልጅ ለይተን አናስርብም» ብለዋታል። ቤቷም ውስጥ ቢሆን የእሷ ቃል ያለ ወረቀት ከጠበል ጀሪካን በታች ነው።

«ፈቃዱ ሰኔ ሠላሳ ያበቃል» አለች።

ዶክተሯ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አዩ። «በአራት ሳምንት ሊታይ ይችላል። ላይታይም ይችላል። በደንብ ከበላች...» ብለው ሳይጨርሱት ተዉት። «ዋስትና አልሰጥሽም። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም።» ኡርጂ የሁለቱን ንግግር አልተከታተለችም። ሚዛኑ ላይ ወጥታ ትወርዳለች፤ መርፌው ስትወጣ ሲሄድ፣ ስትወርድ ሲመለስ እያየች ትደነቃለች።

ወደ ጌድዮን መስኮት ስትመለስ ወረፋው ረዝሟል። ካፖርት የለበሱት ሽማግሌ አሁንም እዚያው ናቸው። ዳርቱ ወረቀቱን ገፋ አድርጋ ቀኑን አሳየችው፤ አንድ ወር ቢጨመርላት፣ ሁለት ሳምንት እንኳን። ጌድዮን ጉዳዩን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም።

«የኡርጂ እናት፣ በጀቱ ሲዘጋ ፈቃዱም ይዘጋል። ሐምሌ ላይ ሌላ ማመልከቻ ነው።»

«ከፋሲካ ጀምሬ ነው እኮ ይችን ያገኘሁት!»

«አውቃለሁ። ወረቀትሽን የተቀበልኩሽ እኔ አይደለሁ?» ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ። «ምክሬን ስሚ። ዛሬውኑ ውሰጃትና አስቀጂያት፤ ይለፍልሽ። የመጣው ይምጣ።»

«የለባትም ቢልስ?»

«የለባትም ካለማ እልል በይ! ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«የለባትም ካለ ሐምሌ ላይ እንደገና ትፈቅዱልኛላችሁ?»

ጌድዮን ወረቀቱን አጣጥፎ ሰጣት። ተመርምሮ የለበትም ለተባለ ሰው ማንም ሁለተኛ እንደማይፈርም ገባት። ከጎኗ ሽማግሌው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሲያዳምጡ ቆይተዋል። «ልጄ» አሏት፣ በክፋት ሳይሆን በግርምት፣ «የእኔ ሚስት ድና በሆነና እዚህ ባልቆምኩ እላለሁ። አንቺ ለልጅሽ በሽታ እየለመንሽላት ነው እንዴ?» ዳርቱ ወረቀቱን ፌስታሉ ውስጥ ከተተች። ልጇን በእጇ ይዛ ወጣች።

በሩ አጠገብ፣ ስቲከርና ማስቲካ የሚሸጥባት ትንሽ ጠረጴዛ ጥግ ቆማ ሕሩይ ጋ ደወለች። ከበስተጀርባው መዶሻ ይሰማል። እየጮኸች አስረዳችው፤ እየጮኸ «ምን?» ይላታል፤ ሦስተኛ ጊዜ ስትነግረው መዶሻው ቆመ። «ቆይ፣ ቆይ» አለ። «ስንዴ ሳትበላ ጤነኛ ነች። ስንዴ አብልተን እናሳምማት፣ ከዚያ ታማለች የሚል ወረቀት እናምጣ ነው የምትይኝ?» እንዲህ ሲባል ዳርቱም እብደት መሰላት። ዶክተሯ ሲናገሩት ግን እብደት አልነበረም። «ማታ እናውራበት» አላት። ማታ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚሆን ታውቃለች፤ እሱ ስልኩን ያያል፣ እናቱ መቁጠሪያቸውን ያያሉ፣ እሷ ሁለቱን ታያለች። ወደ ሲግናል የሚወስደውን መንገድ አሻግራ አየችው፤ ላቦራቶሪው እዚያው ነው፣ ብዙም አይርቅም። አሁን ቢሄዱ፣ መርፌው ለአፍታ ነው፣ የለባትም የሚለውን ወረቀት ይዛ ብትገባ ቤቱ ሁሉ እልል ይላል። እማማ ይመርቋታል። ሕሩይ ይስቃል። ትምህርት ቤቱ ዳቦውን ይሰጣታል። ከዚያ አንድ ጠዋት ኡርጂ ሆዷን ይዛ ትቀመጣለች፤ የሚያምናት ሰው የለም። ዳርቱ ያንን ጠዋት አሁን ፊት ለፊቷ እንዳለው አውቶቡስ አየችው። መንገዱን አልተሻገረችም።

አባዶ ሲደርሱ ቀኑ መሽቶ፣ ሰማዩ ለዝናብ ጠቁሯል። ከብሎካቸው ሥር ያለው ዳቦ ቤት ትኩሱን እያወጣ ነበር፤ ኡርጂ ሽታው ሲደርሳት ቆመች፣ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ እናቷን አየች፣ ከዚያ ተምራለችና ፊቷን አዞረች። ዳቦዋ አሥር ብር ናት፤ ከመዳፍ አትሞላም። ዳርቱ አራት አለች። ሻጯ፣ ዓለም፣ ዳርቱ የምታውቃት ልጅ ነች፤ «ውይ፣ ለኡርጂ ተፈቀደላት? ዳነች? እሰይ!» ብላ አንድ መርቃ ጨመረችላት። ዳርቱ አመሰገነቻት። ደረጃውን ስትወጣ ፌስታሉ ጭኗን በሙቀት ይነካካታል፤ በየፎቁ ማረፊያ ላይ እየቆመች ትንፋሿን ትሰበስባለች፤ ልጅቷ ግን ከፊቷ እየዘለለች ነው የምትወጣው፤ ባለፈው ወር ይኼንን ደረጃ አዝላት ነበር የምትወጣው።

እማማ ወለተሥላሴ ማታውን ሽር ጉድ ሲሉ ነው ያገኟቸው። ነገ ወደ እንጦጦ ለመመለስ ዕቃቸውን ሸክፈዋል፤ የመጨረሻውን ንፍሮ ቀቅለው በሰሃን አቅርበዋል፤ ጠዋት ያኮረፉትን ረስተውታል። «መጣሽልኝ እመቤት!» ብለው ልጅቷን ሳሟት። ክንዷን ገልብጠው አዩ፤ የመርፌ ምልክት የለም። ፊታቸው በራ። «ደሟን አልሰጠሽም! አየሽ ልጄ፣ ልብሽ ነግሮሻል» አሉ ለዳርቱ። ሕሩይ ሶፋው ላይ ነው፤ ስልኩ ፊቱን አብርቶታል። ዳርቱ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ፣ ከንፍሮው ሰሃን አጠገብ አስቀመጠችው። ሽታው ክፍሉን ሞላው። 

ዳርቱ አስረዳች። ሐኪሟ እንዳስረዱት ለማስረዳት ሞከረች፤ መጣላቱን፣ ምልክቱን፣ ሰኔ ሠላሳን። ቃሉ ካፏ ሲወጣ ግን ያኛው ቃል አልሆን አላት፤ የተዘበራረቀ የትምህርት ቤት ጥናት መሰለ። እማማ ወለተሥላሴ እስክትጨርስ ጠበቋት። ከዚያ ወደ በሩ ሄዱ፣ ኡርጂ ያወለቀቻቸውን ሁለቱን ጫማዎች አንሥተው መጡና ለዳርቱ ዘረጉላት።

«እንኪ፣ ከእንግዲህ አልደብቅም» አሉ። «አድርጊላትና ይዣት ልሂድ። አሁኑኑ።»

«እማማ...»

«እኔ ለሥላሴ ተስዬ ያወጣኋትን ልጅ እዚሁ፣ እያየሁሽ፣ መልሰሽ በሽታው ውስጥ ልትከቺያት ነው? አንተ ሕሩይ፣ የወለድካት ልጅ አይደለችም? አፍ የለህም?»

ሕሩይ ቀና አለ። እናቱን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ዳቦውን አየ። «ነገ ብንነጋገርስ?» አለ። ተነሥቶ ወደ በረንዳው ወጣ፤ በመስታወቱ ውስጥ የስልኩ ብርሃን ብቻ ይታያል። ዝናቡ ጣል ጣል ማለት ጀመረ። እማማ ወለተሥላሴ ጫማዎቹን እንደያዙ ቆዩ፤ ዳርቱ አልተቀበለቻቸውም፣ አልተከራከረቻቸውምም። ስትከራከር እንደምትሸነፍ ታውቃለች፤ እኚህ ሴት ልጇን ሦስት ሳምንት አስተኝተውላታል፣ እሷ አንድ ሌሊት እንኳን አላስተኛቻትም። ዛሬ ጠዋት ሊበላሽ የሚችለውን ሁሉ ስትቆጥር፣ ልጇ ጤነኛ መሆኗን አልቆጠረችውም ነበር። በመጨረሻ እማማ ጫማዎቹን ቀስ ብለው ምንጣፉ ላይ አስቀመጡ፤ ነጠላቸውን ተከናንበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። መቁጠሪያውን አላወጡም።

ዳርቱ ልጇን ወደ መኝታ ክፍሉ ወስዳ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠቻት። አንዱን ዳቦ ቆረሰች። እንፋሎቱ ገና አልጠፋም። ቁራሹ እጇ ላይ እንዳለ ሐኪሟ ያልጨረሱት ዓረፍተ ነገር መጣባት፤ በደንብ ከበላች።

ኡርጂ ቁራሹን አየችው፣ አልነካችውም።

«ይሄ እኮ የሚያመኝ ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ተፈቀደልኝ?»

ዳርቱ መዋሸት ትችል ነበር። ዓለም ዳቦ ቤቷ ደጅ ላይ ቃሉን ሰጥታታለች፤ ዳንሽ፣ ተፈቀደልሽ። «አልተፈቀደልሽም» አለቻት። «ግን ትበይዋለሽ። ትንሽ ቀን ብቻ።»

ልጅቷ የእናቷን ፊት ለረጅም ጊዜ መረመረች፤ ቁጣ መሆኑን፣ ቅጣት መሆኑን ለማወቅ የምትሞክር ይመስላል። ምን እንዳገኘች አይታወቅም። እጇን ዘረጋች። በጥርሷ ጫፍ ትንሽ ቆነጠረች፣ አኘከች፣ ዋጠች፤ ከዚያ ናፍቋት ኖሯልና በትልቁ ገመጠች። ዳቦ ትወዳለች። ሁልጊዜም ትወድ ነበር። ፍርፋሪው ቀሚሷ ላይ ሲወድቅ በጣቷ እየለቀመች እሱንም በላች፤ በየጉርሻው መሐል ቀና ብላ ልክ እየሠራች እንደሆነ እናቷን ታያለች። 

«ጨረስኩ» አለች ኡርጂ ባዶ እጇን እያሳየች። «ጎበዝ ነኝ?»

«ጎበዝ ነሽ፣ ኢንተላ ኮ» አለቻት ዳርቱ፤ በእናቷ ቋንቋ «ልጄ» ማለቷ ነው። ተነሥታ ሄደች፣ ጠዋት የገለበጠችውን ሳፋ አጥባ አመጣችና ከአልጋው ሥር፣ ልጅቷ ሌሊት ስታጎነብስ በምትደርስበት በኩል አስቀመጠችው። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠችና ሁለተኛውን ዳቦ ቆረሰች።